ቆሮሶ ዓሣን በጓሮ ኩሬ ማሳደግና ብዛቱን መቆጣጠር

መግቢያ

የጓሮ ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ ዓሣ ማሳደግ የጀመሩ ገበሬዎች ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥማቸው ችግር የዓሣ ማነስ አይደለም። ኩሬው ዳር ቆመው ፉርሽካ ሲበትኑ ውኃው በዓሣ ይርመሰመሳል። ስድስት ወር ጠብቀው መረብ ሲጥሉ ግን የሚወጣው አብዛኛው ዓሣ ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም፤ ለወጥ አይበቃም፣ ለገበያም አይቀርብም። ገበሬውም «ዘሩ መጥፎ ነው» ወይም «ቦታው ለዓሣ አይስማማም» ብሎ ኩሬውን ይተወዋል። የተተወው ኩሬም የወባ ትንኝ መራቢያ ሆኖ ይቀራል፤ ለቁፋሮ የወጣው ጉልበትና ገንዘብም ከንቱ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ ሁልጊዜ የዘሩም የቦታውም አይደለም። ቆሮሶ በጓሮ ኩሬ ውስጥ ገበሬውን የሚያከስረው ባለመራባቱ ሳይሆን ከልክ በላይ በመራባቱ ነው። ስለሆነም ቆሮሶ የሚያሳድግ ሰው ዋና ሥራው ዓሣውን ማብዛት ሳይሆን ብዛቱን መግታት መሆኑን ከመጀመሪያው መረዳት ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ የዓሣውን ጠባይ፣ የኩሬውን አሠራርና አያያዝ፣ በተለይም ብዛትን የመቆጣጠሪያ መንገዶችን በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

1. የቆሮሶ ጠባይ

ቆሮሶ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሬዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ይባላል። ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ በከተማ በመስታወት ገንዳ ለጌጥ ከሚያዙት ትልልቅ ዓሣዎች ብዙዎቹ የእርሱ ዘመዶች ናቸው። በአገራችን በጣና፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሐዋሳ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች የሚገኝ የአገር ዓሣ ነው።

ቆሮሶን ለጓሮ ኩሬ ተመራጭ ያደረጉት ጥቂት ጠባዮች አሉ። በውኃ ውስጥ የሚበቅሉትን ጥቃቅን አረንጓዴ ዕፀዋትና ነፍሳት ይመገባል፤ ፉርሽካና ፋጉሎም ይበላል። ለጥቂት ጊዜ የሚደርስን የአየር እጥረት ከብዙ ዓሣዎች በተሻለ ይቋቋማል። ሥጋውም ጣፋጭ ነው።

የአረባቡ ሁኔታ ግን ልዩ ትኩረት ያሻዋል። ወንዱ በኩሬው ወለል ላይ በአፉ እየቆፈረ እንደ ሳህን የጎደጎደ ክብ ጎጆ ይሠራል፤ ሌሎች ወንዶችንም ከአካባቢው ያባርራል። ሴቷ በዚያ ጎጆ ላይ እንቁላሏን ጥላ ወዲያውኑ ወደ አፏ ትሰበስበዋለች። እንቁላሉ እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል በአፏ ይዛቸው ትቆያለች። ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ።

ከዚህ ጠባይ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ጫጩቶቹ በእናታቸው አፍ ስለሚጠበቁ ብዙዎቹ በሕይወት ይተርፋሉ። ሁለተኛ፣ እናቲቱ ጫጩቶቿን በአፏ በያዘችበት ጊዜ ምግብ ስለማትበላ ወይም በጣም ጥቂት ስለምትበላ ዕድገቷ ይጓተታል። ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ የሚያድግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

2. ዓሣው ለምን ይቀጭጫል?

ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜው ለመራባት ይደርሳል። ውኃው 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሞቀ ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ደጋግማ ልትራባ ትችላለች። 100 ግራም የምትመዝን ሴት በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ከ600 ግራም በላይ የሆነች ደግሞ 1000 እና ከዚያ በላይ ልትጥል ትችላለች።

አንድ ኩሬ በሚያገኘው ማዳበሪያና መኖ መቀለብ የሚችለው የዓሣ ክብደት የተወሰነ ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ አንድ ኩሬ 40 ኪሎ ግራም ዓሣ መቀለብ የሚችል ነው እንበል። በኩሬው ውስጥ 200 ዓሣዎች ብቻ ካሉ እያንዳንዱ 200 ግራም ሊደርስ ይችላል። ያ የአንድ ሰው ማዕድ ነው። ዓሣዎቹ ተራብተው 2000 ከሆኑ ግን ያው 40 ኪሎ ግራም ይከፋፈልና ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 20 ግራም ብቻ ይሆናል። ኩሬው የሰጠው ምርት አልቀነሰም፤ ነገር ግን የሚበላና የሚሸጥ ዓሣ የለም። በአንድ ማሳ ላይ ከልክ በላይ የተዘራ ጤፍ ተጨናንቆ እንደሚቀጭጭ ሁሉ የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው።

ከዚህም የባሰው፣ የተጨናነቀና የተራበ ቆሮሶ መራባቱን አያቆምም። እንዲያውም ገና ትንሽ ሳለ መራባት ይጀምራል። በሐይቅ ውስጥ ትልቅ ሆኖ የሚራባው ዓሣ በተጨናነቀ ኩሬ ውስጥ ከ30 እስከ 50 ግራም ሲደርስ እንቁላል ሊጥል ይችላል። በመሆኑም ብዛቱ ቅጨጫን፣ ቅጨጫውም ተጨማሪ ብዛትን እያስከተለ ይሄዳል።

3. የቦታ ምርጫና የኩሬ አሠራር

ሀ) ሙቀት፦ ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ ነው። ውኃው ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን በጥሩ ሁኔታ ያድጋል። ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ዕድገቱ ይጓተታል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ሲደርስም ይሞታል። ስለዚህ ለቆላና ለወይና ደጋ እንጂ ለብርዳማ ደጋ አንመክረውም። ገበሬው ከመቆፈሩ በፊት በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በአቅራቢያው ያለን የታቆረ ውኃ ሙቀት ማስለካት ይገባዋል።

ለ) አፈር፦ ውኃ የሚይዝ ሸክላማ አፈር መሆን አለበት። ለመፈተን አንድ እፍኝ አፈር በውኃ አርሶ እንደ ኳስ ማድቦልቦልና ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ ነው። ሳይበታተን ከቀረ አፈሩ ጥሩ ነው። ለበለጠ ማረጋገጫ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ ማታ ውኃ መሙላትና ጧት ማየት ይቻላል። መጀመሪያ የሚሞላው ውኃ ወደ አፈሩ ስለሚሰርግ በማግሥቱ ማታ እንደገና ሞልቶ በተከታዩ ጧት መመልከት ያስፈልጋል። አብዛኛው ውኃ ካልጎደለ ቦታው ተስማሚ ነው።

ሐ) ስፋትና ጥልቀት፦ ለጀማሪ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ማለትም 100 ሜትር ካሬ የሆነ ኩሬ ይበቃል። ጥልቀቱ በውኃ መግቢያው በኩል ከ70 እስከ 80 ሣንቲ ሜትር፣ በመውጫው በኩል 1 ሜትር ከ20 ሣንቲ ሜትር ይሁን። ወለሉ ወደ መውጫው እንዲያዘነብል ሆኖ መቆፈር አለበት። ኩሬው ሙሉ በሙሉ ተሟጥጦ መድረቅ ካልቻለ የዓሣውን ብዛት መቆጣጠር አይቻልም። በመሆኑም ከሁሉ በፊት የመውጫው ነገር ይታሰብበት።

መ) ወንፊት፦ በመግቢያውም በመውጫውም ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይደረግ። የመግቢያው ወንፊት የዱር ዓሣና እንቁላል እንዳይገባ፣ የመውጫው ደግሞ ዓሣው እንዳያመልጥ ይከላከላል።

4. ጫጩት መምረጥና ወደ ኩሬ ማስገባት

ጫጩቶችን ከታወቀ የዓሣ ማባዣ ጣቢያ ማግኘት ይመረጣል። በሰበታ፣ በባቱና በባሕር ዳር የሚገኙት የዓሣ ምርምር ማዕከሎች በዚህ ረገድ ምክር የሚጠየቅባቸው ቦታዎች ናቸው።

ከጎረቤት ኩሬ የሚገኝ ትንሽ ዓሣ ሁሉ ጫጩት አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በተጨናነቀ ኩሬ ውስጥ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ዓሣ የጫጩት መጠን ይዞ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው የቀጨጨ ዓሣ ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱና ዓይኑ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ሆኖ ይታያል። አፏን ከፈት አድርገው ሲያዩአት እንቁላል የያዘች ትንሽ ዓሣ ከተገኘችማ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ያንን ዘር ወደ አዲስ ኩሬ ማስገባት ችግሩን አብሮ ማስገባት ነው።

የሚገባው ቁጥር በአንድ ሜትር ካሬ ሁለት ጫጩት ነው። ለ100 ሜትር ካሬ ኩሬ 200 ጫጩት ይበቃል። «ቢበዛ ይሻላል» በሚል 500 ማስገባት በመጀመሪያው ቀን ኪሳራውን መዝራት ይሆናል።

ጫጩት ሲጓጓዝ ማለዳ ወይም ማምሻ ላይ ይሁን። ኩሬው ሲደረስ ጫጩቶቹን በአንድ ጊዜ መድፋት አይገባም። ጫጩቶቹን የያዘው የላስቲክ ከረጢት እንደታሰረ ለ15 እስከ 20 ደቂቃ ኩሬው ላይ ይንሳፈፍ፤ ከዚያም የኩሬውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ጫጩቶቹ በራሳቸው እንዲወጡ ማድረግ ነው።

5. ማዳበሪያና መኖ

የቆሮሶ የመጀመሪያ ምግብ በኩሬው ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ነው። ይህም የሚገኘው በፍግ አማካይነት ነው። ለ100 ሜትር ካሬ ኩሬ በሳምንት 10 ኪሎ ግራም ያህል የከብት ፍግ፣ ወይም 2 ኪሎ ግራም ያህል የዶሮ ኩስ ጨምሮ መጀመር ይቻላል። ፍጉ በአንድ ጥግ በእንጨት በታጠረ ስፍራ ይከመር እንጂ በመላ ኩሬው አይበተን።

መጠኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ ክንድን ወደ ውኃው መስደድ ነው። ውኃው ክርን ሲደርስ የእጅ መዳፍ ገና ከተሰወረ ማዳበሪያው በቂ ነው። መዳፉ ከክርን በታች ውኃው ገና ጥቂት ሳለ ከጠፋ ውኃው ከመጠን በላይ ለምቷልና ፍግ መጨመር ይቁም። ውኃው ከክርን አልፎም መዳፉ ጥርት ብሎ ከታየ ፍግ ይጨመር። ይህ ፈተና የሚያገለግለው ውኃው አረንጓዴ ሲሆን ነው፤ በጎርፍ ጭቃ ለደፈረሰ ውኃ አያገለግልም።

ተጨማሪ መኖ ሆኖ የስንዴ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና የደረቀ አተላ ይሰጣል። ፋጉሎው ተወቅጦ ከፉርሽካ ጋር ቢቀላቀል የተሻለ ነው። የቀኑ መኖ ዓሣው ትንሽ ሳለ ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ካደገ በኋላ 3 በመቶ ይሁን። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 20 ግራም የሚመዝኑ 200 ዓሣዎች በጠቅላላው 4 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ የቀን መኖአቸውም 200 ግራም ነው። 100 ግራም ሲደርሱ በጠቅላላው 20 ኪሎ ግራም ስለሚሆኑ የቀን መኖአቸው 600 ግራም ይሆናል። ይህም ለሁለት ተከፍሎ ረፋድ ላይና ከሰዓት በኋላ፣ ውኃው ከሞቀ በኋላ፣ ዘወትር በአንድ ቦታ ይሰጥ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈ መኖ ከታየ በማግሥቱ ይቀነስ፤ የተረፈ መኖ በስብሶ ውኃውን ያበላሻል።

6. ብዛትን የመቆጣጠሪያ መንገዶች

የሚከተሉት ሦስት መንገዶች በገበሬው አቅም የሚሠሩ ናቸው።

ሀ) ወንዶችን ብቻ ማሳደግ፦ ጫጩቶቹ ከ30 እስከ 50 ግራም ሲደርሱ ወንዱን ከሴቷ መለየት ይቻላል። እጅን በውኃ አርሶ ዓሣውን በጀርባው በማስተኛት ከሆዱ በስተኋላ ያለውን ቦታ መመልከት ነው። በወንዱ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ አንዱ የዓይነ ምድር፣ ሁለተኛው በትንሿ ጉብታ ጫፍ ላይ ያለው ነው። በሴቷ ላይ ግን ከእነዚህ ሌላ በጉብታዋ መካከል አግድም የተሰነጠቀ የእንቁላል መውጫ ስላለ ሦስት ይሆናሉ። በቦታው ላይ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ቢደረግ ስንጥቁ ጎልቶ ይታያል። ወንዶቹ ወደ ማሳደጊያው ኩሬ ይመለሳሉ፤ ሴቶቹ ለቤት ምግብ ይውላሉ። ይህንን ሥራ የለመደም ሰው ቢሆን ጥቂት ሴቶች ሊያመልጡት ስለሚችሉ ከሚቀጥሉት መንገዶች አንዱን አብሮ መጠቀም ይበጃል።

ለ) አምባዛ መጨመር፦ አምባዛ ጫጩት እየለቀመ የሚበላ ዓሣ ነው። 200 ቆሮሶ ባለበት ኩሬ ውስጥ ከ10 እስከ 20 አምባዛ ቢጨመር የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች ይቀንሳል፤ ራሱም ምርት ይሆናል። ነገር ግን አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶዎቹ ያነሰ መሆን አለበት፤ ትልቅ ከሆነ የተዘሩትን ጫጩቶች ጭምር ይጨርሳል። የሚገባውም ቆሮሶዎቹ ጥቂት ካደጉ በኋላ ነው።

ሐ) በጊዜ ማውጣት፦ ጫጩቶቹ ከገቡ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ኩሬውን ሙሉ በሙሉ ማንጠፍ ነው። «ጥቂት ወር ቢጨመር ይወፍራል» ብሎ መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወፍረው ዓሣውን ሳይሆን ቁጥሩን ነው።

በትልልቅ ማባዣዎች ጫጩቶችን በሆርሞን መኖ ሁሉንም ወንድ የማድረግ ዘዴ አለ። ይህ በባለሙያ እጅ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ በቤት እንዲሞከር አንመክርም።

7. ክትትል

በየወሩ 20 ያህል ዓሣ በመረብ አውጥቶ በባልዲ መመዘንና አማካዩን መመዝገብ ይገባል። ክብደቱ ከወር ወር ካልጨመረ መኖውን ከማብዛት በፊት የጫጩት መብዛትን መፈተሽ ነው። በኩሬው ዳር በመንጋ የሚዋኙ ጫጩቶች ሲታዩ ጥቅጥቅ ባለ መረብ እየጠለፉ ማውጣት ይቻላል፤ የወጣውም ለዶሮ መኖ ይሆናል።

ዓሣዎቹ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ከታዩ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን አንሷል ማለት ነው። አረንጓዴው ነገር ቀን ኦክሲጅን ቢሰጥም ሌሊት መልሶ ስለሚወስድ ችግሩ በማለዳ ይብሳል። በዚህ ጊዜ ፍግና መኖ መስጠት ይቁም፤ ንጹሕ ውኃም ከከፍታ እየወረደ እንዲገባ ይደረግ።

በኩሬው ዳር የሚበቅለው ሣርና አረም በየጊዜው ይታጨድ። ቆሮሶ የትንኝ እጭ ቢበላም አረም ውስጥ የተደበቀውን አያገኝም። የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣም የሚጠለለው በአረሙ ውስጥ ስለሆነ ወደ ውኃው የሚገባ ሰው የላስቲክ ቦቲ ይጫማ። ሕፃናት እንዳይገቡበትም ኩሬው መታጠር አለበት።

8. ምርት ማውጣትና ኩሬ ማዘጋጀት

ዓሣ በሚወጣበት ዋዜማ መኖ አይሰጥም። ማለዳ ውኃው እስከ ጉልበት ድረስ ከተቀነሰ በኋላ በመረብ ይጠለፋል፤ የቀረው ውኃ ሲንጠፈጠፍ የተረፈው በእጅ ይለቀማል። ዓሣ ቶሎ ስለሚበላሽ ገዢው አስቀድሞ የታወቀ ቢሆን ይመረጣል። በብዙ ከተሞች በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ጫጩት የሚገባበትን ወር ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ መወሰን ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ኩሬው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በየጎድጓዳው የሚቀረውን ውኃ አለመናቅ ነው። በአንዲት የጭቃ ውኃ ውስጥ የቀሩ ጥቂት አሮጌ ዓሣዎች አዲሶቹ ጫጩቶች ከመድረሳቸው በፊት ተራብተው ኩሬውን ይሞሉታል። ስለዚህ ጎድጓዳው ሁሉ ይጨለፍ፤ ወለሉም እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል በፀሐይ ይድረቅ። እርጥበት በቀረበት ቦታ ላይ ኖራ ይነስነስ።

9. ስለ ሐይቆቻችን ማስጠንቀቂያ

በኩሬ የተረፈን ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ አይገባም። ዓሣው ሕይወት እንዳለው ከአንዱ ሐይቅ አካባቢ ወደ ሌላው መውሰድም እንዲሁ ነው። የጣና ቆሮሶ ከሌሎቹ የተለየ ንዑስ ዝርያ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1992 በሳይንስ ጽሑፍ ተገልጿል። እንዲህ ያለው የተለየ ዘር አንዴ ከተደባለቀ በኋላ መልሶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከሩቅ ቦታ ጫጩት ለማምጣት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ያማክር።

ማጠቃለያ

ቆሮሶ የሚያሳድግ ገበሬ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች ቢጠብቅ ድካሙ ከንቱ አይቀርም፦

- ሙሉ በሙሉ ሊንጠፈጠፍ የሚችል ኩሬ መቆፈር፣
- ዕድሜው የታወቀ ጫጩት በአንድ ሜትር ካሬ ሁለት ብቻ ማስገባት፣
- ሴቶቹን ለይቶ ማውጣት ወይም አምባዛ መጨመር፣
- በየወሩ መዝኖ መመዝገብ፣
- በስድስተኛው ወር ኩሬውን አንጠፍጥፎ ማድረቅ።

የእህል ምርት በቁና እንደሚሰፈር ሁሉ የዓሣ ምርትም በሚዛን ይለካል እንጂ በራስ አይቆጠርም። ሁለት መቶ ዓሣ ለቤተሰብ ማዕድና ለገበያ ሲተርፍ፣ ሁለት ሺህ ዓሣ ደግሞ አንድ ድስት ወጥ ሳይወጣው ሊቀር ይችላል። ኩሬ ለመቆፈር ያሰቡ ገበሬዎች ከመጀመራቸው በፊት በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የልማት ሠራተኛ ጠርተው ቦታውን እንዲያሳዩ፣ ኩሬ ያላቸው ደግሞ መረብ ጥለው ዛሬውኑ ዓሣቸውን እንዲመዝኑ እንመክራለን።